ክርስቲያን ኮንራድ ሽፕሬንግል፤ ንብን ከማር ባሻገር ያየ መምህር

ሰው ከንብ ጋር ያለው ትውውቅ እጅግ ጥንታዊ ነው። ማሩን ለምግብና ለመጠጥ፣ ሰሙን ለመብራት ሲጠቀምበት በሺሕ የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ዘመን የንብ ዋጋ ሲለካ የኖረው ከቀፎው በሚቆረጠው እንጀራ ብቻ ነበር። ንቢቱ ከአበባው ስለምትወስደው እንጂ ለአበባው ስለምትሰጠው አስቦ የጠየቀ ሰው ከጥቂቶች በቀር አልተገኘም። እንዲያውም ከተማሩት መካከል ሳይቀር ንብን የአበባ ሌባ አድርገው የሚቆጥሯት ነበሩ። በአበባው ግርጌ የሚጠራቀመው ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ማለትም ቀሰሙ፣ የሚያድገውን ዘር እንዲመግብ የተሰጠ ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ ያንን የሚመጥ ነፍሳት ሁሉ በእነርሱ ዓይን የሌላውን ሲሳይ የሚቀማ ነበር።

ይህን የቆየ ሒሳብ የገለበጠው ሰው በዩኒቨርሲቲ ወንበር የተቀመጠ ሊቅ አልነበረም። በፕሩስያ ግዛት በአንዲት ትንሽ ከተማ ላቲን ሲያስተምር የኖረ፣ ከአለቆቹም ከተማሪዎቹ ወላጆችም ጋር ያልተስማማ፣ በመጨረሻም ከሥራው የተሰናበተ የትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር። ስሙ ክርስቲያን ኮንራድ ሽፕሬንግል ይባላል።

ሽፕሬንግል የተወለደው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መስከረም 22 ቀን 1750 ሲሆን፣ የትውልድ ስፍራው በሐቭል ወንዝ ዳር ያለችው የብራንደንቡርግ ከተማ ናት። አባቱ የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበር፤ ቤቱም ልጆች የበዙበት ቤት ነበር። በዚያው በ1750 ዓመት በጄኔቫ ከተማ ፍራንሷ ሁበር መወለዱን ማስታወስ ደግ ነው። ሁበር በወጣትነቱ ዓይኑን ያጣ ሲሆን፣ በአገልጋዩ በፍራንሷ ቡርነንስ ዓይን እየተመራ በቀፎ ውስጥ ያለውን የንግሥቲቱንና የሠራተኞቹን ኑሮ መርምሮ በ1792 መጽሐፉን አሳተመ። ስለዚህ የአንድ ዓመት ልጆች የሆኑት ሁለቱ ሰዎች፣ አንዱ ንብን ከቀፎው ውስጥ፣ ሌላው ከቀፎው ውጪ፣ በአንድ ዘመን ተከታተሏት ማለት ነው።

እንደ ብዙ የካህናት ልጆች ሽፕሬንግልም በሐለ ከተማ ነገረ መለኮት ተማረ። መስበኩን ግን አልቀጠለም። በ1774 በበርሊን መምህር ሆነ፤ በ1780 ደግሞ በዚያን ጊዜ በርሊን አጠገብ በነበረችው በሽፓንዳው ከተማ የሉተራውያን ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ዕድሜው ሠላሳ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ትዳር ሳይዝ፣ ቋሚ ደመወዝና የተከበረ ስም ይዞ በሽፓንዳው ተቀመጠ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ለዕፅዋት የተለየ ፍቅር የነበረው አይመስልም።

ወደ ዕፅዋት የመራው ሕመም ነው። ሽፕሬንግል ጤናው የማይረጋ፣ ስለ ጤናውም አብዝቶ የሚጨነቅ ሰው ነበር። የከተማው ሐኪም ኤርንስት ሉድቪግ ሐይም ክፍል ውስጥ ተዘግቶ መዋሉን ትቶ ሜዳ እንዲወጣ መከረው፤ ሐይም ራሱ ዕፅዋት ወዳድ ስለ ነበር ለበሽተኛው የአበቦቹን ስምና ዓይነት አስተማረው። ይኸው ሐኪም በዚያው ዘመን ለአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልትም የመጀመሪያውን የዕፅዋት ትምህርት የሰጠ ሰው ነው። አንድ ሐኪም በመድኃኒት ምትክ ሁለት ሰዎችን ወደ ሜዳ በማውጣቱ ሳይንስ ምን ያህል እንደ ተጠቀመ መገመት አያዳግትም።

በ1787 በጋ ሽፕሬንግል ጄራንየም የሚባለውን የዱር አበባ በእጁ ይዞ ሲመረምር፣ በቅጠለ አበባዎቹ ግርጌ ከውስጥ በኩል እጅግ ቀጫጭን ጸጉሮች መብቀላቸውን አስተዋለ። ብዙ ሰው ይህን ቢያይ ዝም ብሎ ያልፈው ነበር። የሰባኪው ልጅ ግን ጥበበኛው ፈጣሪ አንዲት ጸጉር እንኳ ያለ ምክንያት አላበቀለም ብሎ የሚያምን ሰው ስለ ነበር፣ ጸጉሮቹ ለምን እንደ በቀሉ ጠየቀ። ከጸጉሮቹ በታች ቀሰሙ ይገኛል፤ የዝናብ ጠብታ በአበባው ላይ ሲወድቅ ጸጉሮቹ ይይዙትና ከቀሰሙ ጋር እንዳይቀላቀል ያደርጉታል። የሰው ቅንድብ ከግንባር የሚወርደውን ላብ ወደ ዓይን እንዳይገባ እንደሚከለክል ማለት ነው። ታዲያ ቀሰሙ ከዝናብ የሚጠበቀው ለማን ነው? ለሚመጡት ነፍሳት ካልሆነ በቀር ለማንም ሊሆን አይችልም።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1788፣ ማዮሶቲስ የተባለችውን ትንሽ ሰማያዊ አበባ ሲመለከት በመካከሏ ባለው ቀዳዳ ዙሪያ ቢጫ ቀለበት አየ። ጸጉሩ ምክንያት ካለው ቀለሙም ምክንያት ሊኖረው ይገባል ብሎ አሰበ። ቢጫው ቀለበት ከሩቅ በአበባው ቀለም ተስባ ለመጣችው ነፍሳት መግቢያውን የሚያሳይ ምልክት ነው የሚል አሳብ ላይ ደረሰ። ይህን አሳብ ይዞ ሌሎቹን አበቦች ሲመረምር፣ ነጠብጣቡና መስመሩ በብዙዎቹ ላይ ወደ ቀሰሙ የሚያመራ ሆኖ አገኘው። በሌሊት የሚፈኩት አበቦች ደግሞ ሰፋፊና ፈዛዛ ቀለም ያላቸው ሆነው፣ እንዲህ ያለ ምልክት የላቸውም፤ በጨለማ የማይታይ ምልክት ለምን ያስፈልጋል?

እዚህ ላይ ታሪኩን ጥቂት ቀድሞ መናገር ያሻል። ንብ ቀለም ለይታ ማየቷን በሙከራ ያረጋገጠው ካርል ፎን ፍሪሽ ሲሆን፣ ሥራውን ያሳተመው በ1914 ነው። ከዚያ በኋላ ንብ ቀዩን ቀለም እንደማታይ፣ በምትኩ ግን የሰው ዓይን የማያየውን ከሐምራዊ በላይ ያለውን ጨረር እንደምታይ ታወቀ። ለእኛ አንድ ዓይነት ቢጫ ወይም ነጭ መስለው የሚታዩ ብዙ አበቦች በዚያ ጨረር ሲታዩ መካከላቸው የጠቆረ ሆኖ ተገኘ። ሽፕሬንግል በዓይኑ ብቻ ተመርቶ የገመተው ምልክት እርሱ ሊያያቸው ባልቻለው አበቦች ላይም ነበረ።

ከሁሉ የላቀው ግኝቱ ግን በ1790 የመጣው ነው። ኤፒሎቢየም የሚባለውን ረዥም ሐምራዊ አበባ ሲከታተል፣ አበባው እንደ ፈካ ወንዴ አካሎቹ ቀድመው ደርሰው ዱቄታቸውን ሲያራግፉ፣ ሴቴው አካል ግን ጎንበስ ብሎና ጫፉን ገጥሞ እንደሚቆይ ተመለከተ። ከጥቂት ቀን በኋላ የወንዴዎቹ ዱቄት ሲያልቅ ሴቴው ቀና ብሎ ጫፉን ይከፍታል። በአንዱ አበባ ውስጥ ባልና ሚስት በአንድ ጊዜ አይገናኙም። ስለዚህ ያች ሴቴ ዘር እንድትይዝ ከሌላ፣ ገና ከፈካ አበባ ዱቄት ሊመጣላት ይገባል፤ ያንንም የሚያመጣው ከአበባ ወደ አበባ የሚዞረው ነፍሳት ነው። ሽፕሬንግል ይህን የጊዜ መለያየት ዲኮጋሚ ብሎ ሰየመው፤ ስሙ ዛሬም በዕፅዋት ትምህርት ይሠራበታል። በማከታተልም ሴቴዋ ከወንዴዎቹ የምትቀድምባቸውን አበቦች አገኘ። ከዚህ ተነሥቶ ተፈጥሮ አንድ አበባ በራሱ ዱቄት እንዲፀንስ የማትሻ ትመስላለች የሚል ድምዳሜ ጻፈ።

ይህ አሳብ በዚያ ዘመን ለነበረው ሰው ምን ያህል እንግዳ እንደ ነበር መረዳት ያስፈልጋል። ዕፅዋት ወንዴና ሴቴ አላቸው የሚለው ትምህርት በሊኔየስ አማካይነት የተስፋፋው ከ1735 ጀምሮ ነው። አብዛኞቹ አበቦች ሁለቱን በአንድነት የያዙ ስለሆኑ፣ ዱቄቱ እዚያው ከወንዴው ወደ ሴቴው ይወድቃል፣ ነገሩም በዚሁ ያበቃል ተብሎ ይታመን ነበር። በ1760ዎቹ ዮሴፍ ኮልሮይተር የተባለው ጀርመናዊ በሙከራው ነፍሳት ዱቄት እንደሚያመላልሱ አሳይቶ ነበር፤ ሆኖም የሰማው ጥቂት ነበር። አበባ ውበቱን፣ መዓዛውንና ቀለሙን የያዘው ለሰው ዓይን ደስታ ሳይሆን ለነፍሳት ነው ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነገር ነበር።

መጽሐፉ በ1793 በበርሊን ታተመ። በአበባ አሠራርና በአበባ መፅነስ የተገለጠውን የተፈጥሮ ምስጢር የሚመለከት ሥራ ሲሆን፣ 461 ዓይነት ዕፅዋትን ይመረምራል፤ 25 ገጽ የመዳብ ቅርጽ ሥዕልም አለው። ሥዕሎቹን ያዘጋጀው ራሱ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያልተነሣ ነገር ጥቂት ነው። በነፋስ የሚፀንሱት ዕፅዋት ዱቄታቸው ቀላልና ብዙ፣ አበባቸው ደብዛዛና ቀሰም የሌለው መሆኑን ለይቶ አሳየ። አንዳንድ የኦርኪድ አበቦች ቀሰም ሳይኖራቸው ያላቸው መስለው ነፍሳቱን እንደሚያታልሉም ጻፈ። ዳርዊን እንኳ ኋላ ይህን ማመን ከብዶት ነበር፤ ጊዜ ግን ለሽፕሬንግል ፈረደለት።

የመጽሐፉ አቀባበል ቀዝቃዛ ነበር። በዘመኑ የነበሩት የዕፅዋት ሊቃውንት ሥራቸው ስም መስጠትና መመደብ ስለ ነበር፣ በሜዳ ላይ ተቀምጦ አንድ አበባ ማን እንደሚጎበኘው ቀኑን ሙሉ መጠበቅ ለእነርሱ የትምህርት ሥራ አይመስላቸውም ነበር። ዕፅዋትን ያጠና የነበረው ታላቁ ባለቅኔ ጎተም ተፈጥሮን እንደ ሰው አሳቢና ዓላማ ያላት አድርጎ ያቀርባል በማለት አሳቡን አልተቀበለውም። ሽፕሬንግል ሁለተኛ ክፍል ለማሳተም አስቦ ነበር፤ ሆኖም አልወጣም።

በዚያው ሰሞን በትምህርት ቤቱ ያለው ኑሮ ተበላሸ። ከትምህርት ቤቱ በላይ ከነበረው የቤተ ክርስቲያን አለቃ ጋር ተጣላ። ወላጆች ልጆቻችንን አለቅጥ ይቀጣል ብለው ከሰሱት፤ ለዕፅዋቱ ሲል ሥራውን ቸል ይላል የሚልም ክስ ተጨመረበት። እውነቱን ለመናገር ክሱ ሁሉ ሐሰት ነበር ማለት አይቻልም። ሽፕሬንግል ግትርና ቁጡ ሰው ነበር፤ ከጎጆው በር ላይ አበባ ሲጠብቅ ያሳየው ትዕግሥት በክፍል ውስጥ አልነበረውም። በ1794 በጥቂት ጡረታ ተሰናበተ፤ በአርባ አራት ዓመቱም ሥራ የሌለው፣ መጽሐፉ ያልተነበበለት ሰው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል በበርሊን ኖረ። ኑሮው የብቸኛ ሰው ኑሮ ነበር። ቋንቋና ዕፅዋት በግል እያስተማረ ጡረታውን ይደግፍ ነበር፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ማንም ሰው ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ ከከተማው ውጪ አብሮት እየተጓዘ አበባ የሚያጠናበት ሽርሽር ያዘጋጅ ነበር። የዓለምን አሳብ የለወጠው ሰው ትምህርቱን በሰዓት ሒሳብ ለባለ ሱቅና ለጸሓፊ ሲሸጥ ማሰብ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ከመጽሐፉ ይልቅ በዚህ ሽርሽር የሰሙት ሰዎች ሳይበዙ አልቀሩም።

በ1811 ከዝምታው ወጥቶ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ርእሱ የንቦችን ጠቃሚነትና የንብ እርባታን አስፈላጊነት ከአዲስ ወገን የሚመለከት ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ የሳይንስ መጽሐፍ ከሆነ፣ ይህኛው የእርሻ መጽሐፍ ነው። ለዛሬው ግብርና ባለሙያ ከፊተኛው የማይተናነስ ዋጋ አለው። ሽፕሬንግል በዚህ መጽሐፉ የንብ እርባታ ዋና ዓላማ ማርና ሰም አይደለም፤ ዋናው ዓላማ የአበቦች መፅነስና የአዝመራው መብዛት ነው ብሎ ተከራከረ። ማሩ ለባለ ቀፎው ነው፤ ዘሩና ፍሬው ግን ለአገሩ ሁሉ ነው። ባለ ቀፎው የሚያየው የራሱን ማሰሮ ብቻ ስለሆነ ቀፎ መጨመርንም መቀነስንም በማሩ ዋጋ ይወስናል፤ ጎረቤቱ ከንቡ ያገኘውን ጥቅም አይቆጥረውም፤ ጎረቤቱም አያውቀውም። ስለዚህ መንግሥት ቋሚ ጦር እንደሚያቆም ሁሉ ቋሚ የንብ ሠራዊትም ሊኖረው ይገባል አለ። ይህ በተጻፈበት ጊዜ ፕሩስያ በናፖሊዮን ተሸንፋ፣ በ1808 ውል መሠረት ከ42,000 በላይ ወታደር እንዳታቆም የተከለከለችና በካሳ ዕዳ የተያዘች አገር ነበረች። የሚሰማ ጆሮ ከየት ይገኝ ነበር?

ክርክሩ የቆመበት የንብ ተፈጥሮ ኋላ በተደረጉት ጥናቶች ይበልጥ ተብራርቷል። ሠራተኛይቱ ንብ ከእጭ ወጥታ የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት ያህል በቀፎ ውስጥ ስታጸዳ፣ እጮችን ስትመግብና እንጀራ ስትሠራ ትቆይና ከዚያ በኋላ ለቀሰም ትሰማራለች። ሰውነቷ ቅርንጫፍ ባላቸው ጸጉሮች የተሸፈነ ስለሆነ የአበባው ዱቄት ይጣበቅባታል። በእግሮቿ እያበጠረች በቀሰም አርሳ በኋላ እግሯ ላይ ባለው ቅርጫት ትጭነዋለች፤ ይህ ለእጮቹ ቀለብ ይሆናል። አበባውን የሚያፀንሰው ግን በቅርጫቱ የተጫነው ሳይሆን በጸጉሯ መካከል ተበትኖ የቀረው ዱቄት ነው። በአንድ ጉዞዋም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓይነት አበባ አትለይም፤ ከባቄላ ወደ ባቄላ፣ ከቱፋህ ወደ ቱፋህ ትሄዳለች። ይህ ጠባይዋ ባይኖር የተሸከመችው ዱቄት ባዕድ አበባ ላይ ወድቆ በከንቱ በቀረ ነበር። ሌላው ታላቅ ነገር ንብ ክረምቱን በመንጋ የምታሳልፍ መሆኗ ነው። በቀዝቃዛው አገር ሌሎቹ ነፍሳት ገና ጥቂት በሆኑበት በጸደይ መባቻ፣ የፍራፍሬ ዛፎች ሲያብቡ፣ ከአንድ ቀፎ በሺሕ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ይወጣሉ።

በእርግጥ ሰብል ሁሉ ንብ አይሻም። ስንዴና ጤፍ ከንብ ምንም አይጠብቁም። የኢትዮጵያ ኑግ ግን ከሽፕሬንግል ትምህርት ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ተክል ነው። ኑግ በራሱ ዱቄት ዘር መያዝ እምብዛም የማይችል፣ ከሌላ የኑግ ተክል ዱቄት የሚያስፈልገው በመሆኑ፣ ቢጫ ሆኖ በሚያብብበት ወቅት ንብ ካልደረሰው ፍሬው ይመነምናል። በኑግ ማሳ ዳር ቀፎ የሰቀለ ገበሬ ማሩን ብቻ ቢቆጥር የሒሳቡን ግማሽ ትቷል።

ሽፕሬንግል በ1815 ስለ ላቲን ባለቅኔዎች አንድ መጽሐፍ ካሳተመ በኋላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 1816 በበርሊን ዐረፈ። መቃብሩ የት እንደሆነ አይታወቅም፤ መልኩን የሚያሳይ ሥዕልም አልቀረም።

ሃያ አምስት ዓመት አልፎ በ1841 ሮበርት ብራውን የተባለው ታዋቂ የዕፅዋት ሊቅ ያን የተረሳ መጽሐፍ እንዲያነብ ለቻርልስ ዳርዊን መከረው። ዳርዊን መጽሐፉን ገዝቶ አነበበ፤ የተጻፈውንም በራሱ የአትክልት ቦታ ፈተነው። ሽፕሬንግል አበቦች በራሳቸው ዱቄት እንዳይፀንሱ የተሠሩበትን መንገድ በዝርዝር አይቶ ሳለ፣ ይህ ለተክሉ ምን እንደሚጠቅመው አልጠየቀም ነበር፤ የፈጣሪ አሳብ መሆኑ ለእርሱ በቂ ነበር። ዳርዊን የቀረውን ጥያቄ ያዘና ለብዙ ዓመታት በራሳቸው ዱቄትና በሌላ ተክል ዱቄት የፀነሱ ዘሮችን ጎን ለጎን አበቀለ። በ1876 ባሳተመው መጽሐፍም ከሌላ ተክል የፀነሱት በቁመትም በፍሬም እንደሚበልጡ አሳየ። በጀርመንም ሐርማን ሙለር በ1873 ስለ አበቦችና ነፍሳት ሰፊ መጽሐፍ አወጣ፤ የሽፕሬንግል ስም በአገሩ የተመለሰው በዚህ መንገድ ነው።

የእርሻው ትምህርት ግን የዘገየ ነበር። የኒው ዚላንድ ገበሬዎች ከእንግሊዝ ያስመጡት ቀይ ሣር ማገጥ ይበቅልላቸው ነበር እንጂ በቂ ዘር አይሰጣቸውም ነበር፤ አበባው ጠለቅ ያለ በመሆኑ ረዥም ምላስ ያላቸው ትላልቅ የዱር ንቦች በ1885 ከእንግሊዝ ተጭነው ሲደርሱ ዘሩ በዛ። በ1890ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ በቨርጂኒያ፣ አንድ ዓይነት የፒር ዛፍ ብቻ የተተከለበት ሰፊ እርሻ እያበበ ፍሬ አልይዝ ቢል፣ መርተን ዌይት የተባለው ተመራማሪ ዛፎቹ ከሌላ ዓይነት ፒር ዱቄት እንደሚሹና አምጪው ነፍሳት መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ነው በአበባ ጊዜ ቀፎ ተከራይቶ ወደ እርሻ ማስገባት ሥራ ሆኖ የተስፋፋው። በካሊፎርኒያ በየዓመቱ የካቲት ላይ ለለውዝ ዛፎች አበባ ከመላው አሜሪካ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ቀፎ በጭነት መኪና ይጓጓዛል፤ ብዙዎቹ ባለ ቀፎዎችም ከማሩ ይልቅ ከኪራዩ የበለጠ ያገኛሉ። በ2007 የታተመ ጥናት በዓለም ላይ ዋና ዋና ከሆኑት 115 የምግብ ሰብሎች 87ቱ ብዙም ሆነ ጥቂት በእንስሳት፣ ይልቁንም በንቦች፣ መፅነስ እንደሚጠቀሙ አስቆጥሯል። የንቡን ሠራዊት ያቆመው ሽፕሬንግል እንደ ተመኘው መንግሥት ሳይሆን ገበያው ሆነ፤ በአንድ ጊዜ በአንድ ስፍራ የሚሰበሰበው ቀፎም በሽታን ከመንጋ ወደ መንጋ ማዛመቱ የዘመኑ ንብ አርቢዎች ጭንቀት ነው።

በበርሊን ዳሌም በሚገኘው የዕፅዋት ማዕከል ለሽፕሬንግል የቆመ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። ከዚያ የቀደመው መታሰቢያው ግን በሩቅ አገር ነው። ከሥራው በተሰናበተበት በ1794፣ እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ በአውስትራሊያ ረግረግ የሚበቅል አንድ አበባማ ቁጥቋጦ በስሙ ሽፕሬንግልያ ብሎ ሰየመ።